የተማሪ ስፖርተኞች የትምህርት ውጤታማነት፦ የወልድያና የመርሳ ተሞክሮ መነሻነት

ተማሪ ስፖርተኛ የሚባለው በዩኒቨርሲቲ ወይም በኮሌጅ መደበኛ ትምህርቱን እየተከታተለ ተቋሙን፣ ወረዳውን ወይም ክለቡን ወክሎ የሚወዳደር ተማሪ ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ በአንድ ጊዜ ሁለት የጊዜ ሰሌዳዎችን ይከተላል፤ አንዱን የትምህርት ክፍሉ፣ ሌላውን አሠልጣኙ ያወጣዋል። ሁለቱ ሳይናበቡ ሲቀሩ በአብዛኛው የሚጎዳው ትምህርቱ ነው።

የአካባቢው ሁኔታ

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ተማሪዎችን መቀበል የጀመረ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዋናው ግቢ በተጨማሪ በሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ በመርሳ የግብርና ትምህርት የሚሰጥበት ካምፓስ አለው። በወልድያ ከተማ በጥር ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ለአካባቢው ስፖርት ትልቅ አቅም ፈጥሯል።

መርሳ ከወልድያ በስተደቡብ በአዲስ አበባ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በመርሳ እየተማረ በወልድያ የሚለማመድ ወይም የሚወዳደር ተማሪ የደርሶ መልስ ጉዞውን ጭምር ከጥናት ሰዓቱ ላይ መቀነስ ይኖርበታል። መርሳ ከወልድያ ዝቅ ያለችና ሞቃታማ በመሆኗ ለልምምድ የሚመቹት ማለዳና አመሻሽ ናቸው። እነዚህ ሰዓቶች ደግሞ ብዙ ተማሪዎች የሚያጠኑባቸው ናቸው።

ለሁሉም እኩል የሆኑ መመዘኛዎች

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች ምደባ በብሔራዊ ፈተና ውጤት ላይ የተመሠረተ ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ለመመረቅ አጠቃላይ ድምር ውጤት ቢያንስ 2.00 መሆን አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም የመውጫ ፈተናን በ50 በመቶና ከዚያ በላይ ማለፍ ግዴታ ሆኗል። በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና የሚገኙ ሠልጣኞች በበኩላቸው የሙያ ብቃት ምዘና ይወስዳሉ። በሜዳ ላይ የተገኘ ሜዳሊያ ከእነዚህ መመዘኛዎች አንዱንም አይተካም።

ስፖርት የሚጠቅመውና የሚጎዳው

መጠኑን የጠበቀ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ለእንቅልፍ፣ ለትኩረትና ጭንቀትን ለመቀነስ ይረዳል። ጉዳቱ የሚመጣው ልምምድና ጉዞ የእንቅልፍንና የክፍል ሰዓትን መውሰድ ሲጀምሩ ነው። ያመለጠ የገለጻ ትምህርት ከጓደኛ ደብተር ሊገለበጥ ይችላል። ያመለጠ የቤተ ሙከራ ወይም የማሳ ላይ ተግባር ግን በዚህ መንገድ አይካካስም። ስለዚህ እንደ ግብርና ባሉ ተግባር በሚበዛባቸው የትምህርት መስኮች የሚማሩ ስፖርተኞች የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል።

የሌሎች አገሮች አሠራርና የታዩ ምሳሌዎች

የአሜሪካ ብሔራዊ የኮሌጅ አትሌቲክስ ማኅበር በከፍተኛው ዲቪዚዮን በውድድር ወቅት የሚደረግን ልምምድና ውድድር በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ20 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል፤ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀንም ያዛል። ተማሪው በውድድር ለመቀጠል እስከ ሁለተኛ ዓመት መጨረሻ ከዲግሪው ትምህርት 40 በመቶ፣ እስከ ሦስተኛው 60 በመቶ፣ እስከ አራተኛው 80 በመቶ ማጠናቀቅ ይጠበቅበታል።

ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በአሜሪካ የተወለደው ያሬድ ንጉሤ በኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ እያጠና በ2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ኮሌጆች የ1,500 ሜትር ሻምፒዮን ሆኗል። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክም በዚሁ ርቀት የነሐስ ሜዳሊያ አግኝቷል። በአገራችን ደግሞ ዶ/ር ወልደመስቀል ኮስትሬ በሃንጋሪ በተከታተሉት ከፍተኛ ትምህርት ላይ ተመሥርተው እነ ደራርቱ ቱሉንና ኃይሌ ገብረሥላሴን ያካተተውን ብሔራዊ የአትሌቲክስ ቡድን ለረጅም ዓመታት አሠልጥነዋል።

ሊተገበሩ የሚገባቸው አሠራሮች

• ተማሪዎች በሴሚስተሩ መጀመሪያ የፈተናና የተግባር ትምህርት ቀናትን ከየኮርሱ ዝርዝር ለይተው ለአሠልጣኛቸው በጽሑፍ ቢሰጡ ግጭቱ አስቀድሞ ይታወቃል።
• ለውድድር ጉዞ ፈቃድ የሚጠየቀው ከመሄድ በፊት ነው፤ ከተመለሱ በኋላ የሚቀርብ ማስረጃ ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል።
• አሠልጣኞች በፈተና ሳምንታት ልምምድን መቀነስ፣ ውጤታቸው የወረደ ተማሪዎችንም ከጉዞ ማሳረፍ ይገባቸዋል።
• መምህራን ለተፈቀደ ጉዞ የማካካሻ ፈተና ሊሰጡ ይገባል። የፈተናው ክብደት ግን ከሌሎች ተማሪዎች ፈተና እኩል ሊሆን ይገባዋል፤ በችሮታ የተሰጠ ነጥብ በመውጫ ፈተና ላይ ተማሪውን አይረዳውም።
• የሴት ተማሪዎች የልምምድ ሰዓት ጨለማ ሳይዝ ወደ መኝታ ክፍላቸው መመለስ እንዲችሉ ሆኖ መመደብ አለበት።

ችግር ሲያጋጥም

ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው ወይም በረጅም ውድድር ምክንያት ትምህርታቸውን መከታተል ያልቻሉ ተማሪዎች ሳያሳውቁ መቅረት የለባቸውም። በዩኒቨርሲቲው ደንብ መሠረት በሕጋዊ መንገድ ትምህርታቸውን ያቋረጡ ተማሪዎች ተመልሰው ለመቀጠል ማመልከት ይችላሉ፤ ሳያሳውቁ የቀሩ ግን ይህን ዕድል ሊያጡ ይችላሉ። በመሆኑም ተማሪዎች ችግሩ እንደተከሰተ፣ የፈተና ጊዜ ሳይደርስ፣ ለአካዳሚክ አማካሪያቸውና ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ ይኖርባቸዋል።