ፋይበር ቻነል በአይፒ ላይ

ፋይበር ቻነል በአይፒ ላይ፣ በአጭሩ ኤፍሲአይፒ፣ ተራርቀው የሚገኙ የማከማቻ አውታረ መረቦችን በአይፒ ኔትወርክ በኩል የሚያገናኝ ፕሮቶኮል ነው። የፋይበር ቻነል ፍሬም ሳይፈታ እንዳለ ተጠቅልሎ በቲሲፒ ግንኙነት ውስጥ ወደ ሌላው ጫፍ ይጓዛል፤ ይህ መንገድ ታነል (ዋሻ) ይባላል። ደረጃው በጁላይ 2004 እ.ኤ.አ. አርኤፍሲ 3821 በሚል ቁጥር ወጣ።

ለምን አስፈለገ

በትልልቅ ድርጅቶች ውስጥ ሰርቨሮች ዳታቸውን የሚያስቀምጡት በፋይበር ቻነል ስዊቾች በኩል በሚደርሱበት የጋራ ማከማቻ ላይ ነው። ፋይበር ቻነል በአንድ ሕንፃ ወይም ግቢ ውስጥ በጣም ፈጣን ነው፤ ርቀት ግን አይመቸውም። ተቀባዩ ባዶ ቦታ እንዳለው የሚያረጋግጥ «ክሬዲት» ካልያዘ ላኪው ፍሬም አይልክም። በሰከንድ 2 ጊጋቢት ፍጥነት መስመሩ ሥራ እንዳይፈታ በየኪሎ ሜትሩ አንድ ያህል ክሬዲት ያስፈልጋል። የግል የፋይበር መስመር መዘርጋት ወይም መከራየትም ውድ ነው።

መጠባበቂያ ማዕከልን በአንድ ከተማ ውስጥ ማስቀመጥ ደግሞ ሁልጊዜ አይበቃም። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ጥቃት በኋላ፣ በኤፕሪል 2003 የአሜሪካ የገንዘብ ተቆጣጣሪዎች ባወጡት ሰነድ ዋና ዋናዎቹ የሒሳብ ማወራረጃ ተቋማት መጠባበቂያቸው ከዋናው ማዕከል ጋር አንድ ዓይነት መብራት፣ ቴሌኮም እና ትራንስፖርት እንዳይጋራ መክረዋል። በማይል የተወሰነ ርቀት ግን አላስቀመጡም።

አሠራር

በየጫፉ ኤፍሲአይፒ የሚችል ስዊች ወይም ጌትዌይ ይቀመጣል። መሣሪያው በፍሬሙ ላይ 28 ባይት ራስጌ ጨምሮ ለቲሲፒ ያስረክበዋል፤ የተመደበው ወደብ 3225 ነው። ሙሉ ፍሬም 2148 ባይት ሲደርስ የተለመደው የኢተርኔት ፍሬም የሚይዘው 1500 ባይት ብቻ ነው። ቲሲፒ ግን ዳታውን እንደ ተከታታይ ባይቶች ስለሚያይ ቆራርጦ ይልካል፣ በወዲያኛው ጫፍም ይገጣጠማል። ሁለቱ ስዊቾች በቀጥታ ኬብል የተገናኙ ይመስላቸዋል፤ ሰርቨሮቹና ዲስኮቹም በመካከል አይፒ መኖሩን አያውቁም። ከአይስካዚ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፦ አይስካዚ ፋይበር ቻነልን ትቶ የዲስክ ትእዛዞቹን ራሳቸውን በአይፒ ይልካል።

ርቀትና መዘግየት

ታነሉ ርቀቱን ከመሣሪያዎቹ ይደብቃል እንጂ አያጠፋውም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 5 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ስለሚወስድበት፣ የ1000 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ቢያንስ 10 ሚሊ ሰከንድ ነው። አንድ ተራ የመጻፍ ትእዛዝ ሁለት ደርሶ መልስ ይፈልጋል፦ መጀመሪያ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ከዚያ ዳታው ተልኮ ማረጋገጫው ይመለሳል። ስለዚህ 20 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። አንዳንድ ስዊቾች ፈቃዱን ራሳቸው በቅርብ በመስጠት አንዱን ጉዞ ያስቀራሉ።

ሁለቱም ማዕከላት ሳይጽፉ ሥራው «አለቀ» የማይባልበት ቅጂ ብዙ ጊዜ እስከ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይወሰናል። ከዚያ በላይ ቅጂው ዘግይቶ እንዲከተል ይደረጋል፤ ዋናው ማዕከል በድንገት ከወደመ የመጨረሻዎቹ ጽሑፎች ይጠፋሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቲሲፒ ዊንዶው ላይ ነው። ዊንዶው በ64 ኪሎባይት ከተወሰነ፣ በ10 ሚሊ ሰከንድ ደርሶ መልስ በሰከንድ ከ6.5 ሜጋባይት በላይ አያልፍም፤ መስመሩ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን። የ1 ጊጋቢት መስመርን ለመሙላት 1.25 ሜጋባይት በአንድ ጊዜ በመንገድ ላይ መሆን አለበት። ይህ ሳይስተካከል ሰፋ ያለ መስመር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች

ታነሉ ሁለቱን አውታሮች አንድ ያደርጋቸዋል። እያንዳንዱ ስዊች ከ1 እስከ 239 ያለ የራሱ ዶሜይን ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ ሁለት ስዊቾች አንድ ቁጥር ከያዙ መስመሩ ሊዘጋ ይችላል። ታነሉ በተቆረጠና በተመለሰ ቁጥር በሁለቱም ወገን ያሉ ስዊቾች መንገዳቸውን እንደገና ያሰላሉ፣ ዋናውን ስዊችም እንደገና ሊመርጡ ይችላሉ። ሩቅ ያለ የቴሌኮም ብልሽት በዚህ መንገድ የቅርቡን ማከማቻ ያውካል። አውታሮቹን ሳያዋህዱ የተመረጡ መሣሪያዎችን ብቻ የሚያገናኙ የፋይበር ቻነል ራውተሮች ይህን ለመከላከል ይጠቅማሉ።

ፋይበር ቻነል ያረጀ ፍሬም እንዲደርስ አይፈልግም። ስለዚህ ፍሬሙ ላይ የተላከበት ሰዓት ሊጻፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሁለቱ ጫፎች ሰዓት እኩል ካልሆነ ደህና ፍሬም እንደ አሮጌ ተቆጥሮ ይጣላል።

ኤፍሲአይፒ ዳታውን በራሱ አያመሰጥርም። ደረጃው መሣሪያዎቹ አይፒሴክ እንዲችሉ ያስገድዳል፤ ማብራት ወይም አለማብራቱ ግን የባለቤቱ ውሳኔ ነው።