የአኮ ግድግዳና የካፒቴኑ አበባ

ባለፈው ጥቅምት ዳሪሙ አያቴ ዘንድ ስሄድ ስጦታዬ የቡገንቪሊያ ቁራጭ ነበር። አዲስ አበባ ከጎረቤት አጥር ላይ ለምኜ፣ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ፣ በመቱ በኩል አድርጌ ያደረስኩት። (ጋዜጠኝነት ተምረሽ ጋዜጣው የጠቀመሽ ለዚህ ነው እንዳትሉኝ።) አኮ፣ አያታችንን የምንጠራቸው እንዲህ ነው፣ ግድግዳቸውን አዲስ ጭቃ አስመርገው «ላዩ ላይ የሚወጣ አበባ ምረጪልኝ» ብለውኝ ነበር።

ቁራጩን አገላብጠው አዩትና «ከየት የመጣ ነው?» አሉኝ።

«ካዲስ አበባ።»

«ካዲስ አበባ በፊትስ?»

እንግዲህ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ማታ ቡና ላይ የማውቀውን ነገርኳቸው።

እ.ኤ.አ. በ1767 ዓለምን ሊዞሩ የወጡ ሁለት የፈረንሳይ መርከቦች ብራዚል፣ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ቆመው ነበር። አለቃቸው ሉዊ አንትዋን ደ ቡገንቪል ይባላል። አብሯቸው የነበረው የእጽዋት ተመራማሪ ፊሊበር ኮሜርሶን እዚያ ያገኘውን እሾሃም ሐረግ በአለቃው ስም ሰየመው። ካፒቴኑ አበባ አልለቀመም፣ ስሙ ግን በየአጥራችን ላይ ቀረ። ለቃሚው ማን ነበር ታዲያ? ኮሜርሶን በዚያ ሰሞን እግሩን ታሞ ነበር። ረዳቱ ደግሞ የወንድ ልብስ የለበሰች ሴት ነበረች፤ ዣን ባሬ ትባላለች። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ሴት በመርከብ አያሳፍርም ነበርና ራሷን ደብቃ ነው የወጣችው። የእጽዋት መጭመቂያውን እየተሸከመች ተራራ የምትወጣው እሷ ስለነበረች፣ ያንን ሐረግ የቆረጠችውም እሷ ሳትሆን አትቀርም የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1768 ታሂቲ ላይ ሴትነቷ ታወቀ። ከዓመታት በኋላ ፈረንሳይ ስትመለስ፣ ዓለምን የዞረች የመጀመሪያዋ የታወቀች ሴት ሆነች። በኮሜርሶን ስም ከሰባ በላይ ዕፅዋት ተሰይመዋል። በእሷ ስም አንድ ተክል ተሰይሞ ስሙ የጸናው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ እሱም የድንችና የቲማቲም ወገን የሆነ የደቡብ አሜሪካ ሐረግ ነው።

አኮ ስኒያቸውን አስቀምጠው «ታዲያ ለምን በሷ ስም አይጠሩትም?» አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

በነጋታው ወደ ግድግዳው መጣን። ቡገንቪሊያ ፀሐይና ደረቅ አፈር ይወዳል። ቀዩ ነገር ራሱ አበባው አይደለም፣ ቀለም የተቀባ ቅጠል ነው፤ አበባው መሃል ላይ ያለው ነጩ ጥቃቅን ነው። ውኃ ሲጠግብ ቅጠል እንጂ ቀለም አይሰጥም። ኢሉባቦር ደግሞ ዝናቡን ታውቁታላችሁ! ስለዚህ መሬት ላይ ሳይሆን፣ ሥሩ በተበሳ የዘይት ቆርቆሮ፣ ፀሐይ በሚያገኘው የጣሪያ ጠርዝ ሥር አኖርነው።

አኮ ግን ልባቸው ሌላ ጋ ነበር። «ጠምበለል እያለ?» አሉኝ። ጠምበለል ነጭ አበባ ያለው፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ የኛው ሐረግ ነው። ተመራማሪዎች በዓለም የእጽዋት መዝገብ «የአቢሲኒያ ጃስሚን» ብለውታል። በቡናው ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ይኖራል፤ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የመዘገበው የያዩ ደን እንኳ ከዳሪሙ ሩቅ አይደለም። እኔ አዲስ አበባ ድረስ የሰው አጥር ስለምን፣ ጥላና እርጥበት የለመደው አበባ አኮ ደጅ ነበር። አፍሬያለሁ፣ እውነቴን ነው።

ሦስተኛም አለ። ብርቱካናማ ሆኖ መሃሉ ጥቁር ዓይን የሚመስለው ተንበርጊያ፣ እ.ኤ.አ. በ1825 በእንግሊዝ የእጽዋት መጽሔት ላይ ተሥሎ ወጣ፤ ዛሬ አውሮፓውያን በረንዳቸው ላይ በቅርጫት ይሰቅሉታል። እሱም የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጅ ነው፣ እኛም አገር ይበቅላል። ከዘር ቶሎ ይደርሳል፣ ለቅርጫት ከሁለቱም ይሻላል።

ስለ ሐረግ ሳስብ የብራና መጻሕፍት ትዝ አሉኝ። በጥንት የግእዝ መጻሕፍት የምዕራፍ ራስ ላይ የሚሣለው የተጠላለፈ ጌጥ ስሙ ሐረግ ነው። ትውልዳችንን የምንቆጥረውም በዘር ሐረግ ነው። አበባውን ለግድግዳ ስንመርጥ ግን ከውጭ የመጣውን እናስቀድማለን፤ ቢያንስ እኔ አስቀደምኩ።

አኮ ጠምበለሉን ግድግዳው ላይ እንዳልተክለው ከለከሉኝ። ጭቃው ይረጥባል፣ እባብም ይወዳል አሉ። ከቤቱ ራቅ አድርገን ሁለት እንጨት ተክለን አስደገፍነው። ቡገንቪሊያው በቆርቆሮው ቀረ።

ባለፈው ሳምንት ደውዬ አበባው እንዴት ሆነ ስላቸው፣ የካፒቴኑን ስም ጨርሶ ረስተውታል። «የዚያች ልጅ አበባ ነው? ቅጠል አውጥታለች፤ አበባዋ ገና ነው» አሉኝ።