በሚገባቸው ቋንቋ፦ ከከሚሴ ችሎት እስከ ባሕር ዳር

ባቲ ገበያ ሰኞ ይውላል፤ ሰንበቴ ደግሞ እሑድ። በሁለቱም ገበያዎች ግመሉን እየነዳ ከቆላው የሚመጣው አፋር፣ ከጨፋ ሜዳና ከአርጡማ የሚነሳው ኦሮሞ፣ ከደጋው የሚወርደው አማራ፣ እንዲሁም ጎረቤታቸው አርጎባ ይገናኛሉ። ማንም አስተርጓሚ ሳይቀጥር በሬ ይሸጣል፣ ፍየል ይገዛል፣ ተከራክሮ ተስማምቶ ይለያያል። ይህን ያየ ሰው «በዚህ አካባቢ የቋንቋ ችግር የለም» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ሕግ ላጠና እንደ እኔ ያለ ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣበታል። ያው ሰው በማግስቱ ፍርድ ቤት ቢቆምስ?

በገበያ ዕቃው ፊት ለፊት ቆሟል። የበሬው ጥርስ ይታያል፣ ብሩ ይቆጠራል፣ ያልገባ ነገር ካለ በጣት ይጠቆማል። ፍርድ ቤት ውስጥ ግን የተጣሉበት መሬት የለም፤ የተሰረቀው በሬ የለም፤ ከሁለት ዓመት በፊት በሌሊት ደረሰ የተባለው ድብደባም የለም። ያለው ቃል ብቻ ነው። የቋንቋ ትልቁ ጉልበት በቦታው የሌለውን ነገር አምጥቶ በሌላ ሰው አእምሮ ውስጥ ማስቀመጡ ነው። ትልቁ አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል፤ ተሳስቶ ቢቀመጥ፣ ስህተቱን በጣት ጠቁሞ የሚያርም ዕቃ በአጠገቡ የለም።

ዞኑና ሕጉ

የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በአማራ ክልል ምሥራቃዊ ክፍል ይገኛል። ዋና ከተማው ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ኮምቦልቻ ሳይደረስ የምትገኝ ናት። ዞኑ ባቲን፣ ዳዋ ጨፋን፣ ደዋ ሃረዋን፣ አርጡማ ፉርሲንና ጅሌ ጥሙጋን ያቅፋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ457 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረው። በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥት ከአዊና ከኽምራ ጋር ለዚህ ብሔረሰብ የራሱን አስተዳደርና ምክር ቤት አውቆለታል፤ ምክር ቤቱም የብሔረሰቡን የሥራ ቋንቋ የመወሰን ሥልጣን አለው። በዚህም መሠረት ዞኑ በአፋን ኦሮሞ ይሠራል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው።

ውጤቱ ምን ይሆናል? በአፋን ኦሮሞ የተጀመረ ክርክር በይግባኝ ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲሄድ አማርኛ መሆን አለበት። ወደ ፌዴራል ሰበር ቢደርስም እንደዚያው። ስለዚህ በከሚሴ የተነገረ የምስክር ቃል ባሕር ዳር ላይ የሚነበበው በሌላ ሰው አፍ ካለፈ በኋላ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህን ችግር ሳያስብበት አላለፈም። በአንቀጽ 5 ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል። በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት ወዲያውኑ «በሚገባቸው ቋንቋ» እንዲነገረው፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው በማይገባው ቋንቋ ሲዳኝ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ሐሳቡ ቀድሞም ነበር። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 27፣ የምርመራው ቋንቋ በደንብ ለማይገባው ተጠርጣሪ ብቁ አስተርጓሚ እንዲቀርብለትና አስተርጓሚውም የጥያቄና መልሱን ትክክለኛነት እንዲያረጋግጥ አዝዞ ነበር። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 14 ተመሳሳይ ግዴታ ይዟል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሁለት ነገር ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ አንቀጽ 20 የሚናገረው ስለ ተከሰሱ ሰዎች ነው። በመሬቱ ወይም በውርሱ የሚከራከረው ገበሬ ተከሳሽ በሚለው የወንጀል ትርጉም ውስጥ አይገባም፤ ብዙው ንብረትና ኑሮ የሚወሰነው ግን በፍትሐ ብሔር ችሎት ነው። ሁለተኛ፣ ሕጉ «በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው» አላለም፤ «በሚገባቸው» አለ። መለኪያው የትውልድ ሐረግ ሳይሆን መግባባት ነው። ታዲያ አንድ ነገር ገባ የሚባለው መቼ ነው? ይህን ለመመለስ ቋንቋ እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ ማየት ይጠቅማል።

ድምፅ

አፋን ኦሮሞ አጭርና ረጅም አናባቢን ይለያል። አናባቢው አጥሮ ሲነገር «ለፋ» መሬት ነው፤ ረዝሞ ሲነገር «ላፋ» ለስላሳ ማለት ነው። አማርኛ በርዝመት ሳይሆን በመጥበቅና በመላላት ይለያል። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ሲሆን ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው። «ዋና» ላልቶ የውኃ ዋና፣ ጠብቆ ደግሞ ተቀዳሚ ማለት ነው። ፊደላችን ይህን መጥበቅና መላላት አያሳይም፤ አንባቢው ከአገባቡ ይገምታል። በጥቅምት 1984 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደ ጉባኤ ለአፋን ኦሮሞ የተመረጠው ቁቤ ግን ርዝመትንም መጥበቅንም ፊደል ደግሞ ይጽፋል። ከዚያ በፊት ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የሠራው የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው በግዕዝ ፊደል ነበር። አፋን ኦሮሞን ሰምቶ በአማርኛ ፊደል የሚይዝ ጸሐፊ ልዩነቱን ካላወቀ፣ መዝገቡ ላይ የሚቀረው ድምፅ ምስክሩ የተናገረው ላይሆን ይችላል።

ቃል

በአፋን ኦሮሞ «ሴራ» ማለት ሕግ ነው። ዳኛ «አባ ሴራ» ይባላል፤ የሕግ አባት እንደ ማለት ነው። ያው ድምፅ በአማርኛ ጆሮ ተንኮልና አድማ ይሆናል። ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ቃል ትርጉሙን የሚያገኘው ከድምፁ ሳይሆን ተናጋሪዎቹ ከተስማሙበት ልማድ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ከዚህ የሚከፋው ቃሉ አንድ ሆኖ ቦታው ሲለያይ ነው። በሽማግሌ ፊት «አጥፍቻለሁ» ማለት ጨዋነት ነው። ነገሩን ለማብረድ፣ ዕርቁን ለመክፈት ይባላል፤ ወሎ ደግሞ የአበጋሮች ሽምግልና አገር ነው። በችሎት ግን «አጥፍቻለሁ» የእምነት ቃል ሊሆን ይችላል። የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 134፣ ተከሳሹ የወንጀሉን ፍሬ ነገሮች በሙሉ ያለ ገደብ ካመነ ፍርድ ቤቱ ወዲያውኑ ጥፋተኛ ሊለው እንደሚችል ደንግጓል። «በሙሉ» እና «ያለ ገደብ» የሚሉት ቃላት እዚያ የገቡት በከንቱ አይደለም። ዕርቅ ፈልጎ የተናገረ ሰው ወንጀሉን በዝርዝር አመነ ተብሎ እንዳይወሰድ የሚጠብቁ አጥሮች ናቸው። አስተርጓሚው ቃሉን ብቻ አሻግሮ ዓላማውን ከተወው አጥሩ ይፈርሳል።

ዓረፍተ ነገር

አማርኛ ሴማዊ፣ አፋን ኦሮሞ ኩሻዊ ቋንቋ ነው። ሆኖም ሁለቱም ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ። «ሲመታው አየሁ» እና «ሲመታው አላየሁም» እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ አንድ ናቸው። በአፋን ኦሮሞ «ቤካ» ያውቃል ነው፤ «ሂን ቤኩ» ደግሞ አያውቅም። አማርኛ አሉታውን ከግሱ ፊትና ኋላ ሲያስር፣ አፋን ኦሮሞ ከፊት ቃል ጨምሮ የግሱን መጨረሻ ይለውጣል። አስተርጓሚው ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ከጀመረ ማመንና መካድን ሊያቀያይር ይችላል። ጠበቃው ወይም ዐቃቤ ሕጉ አምስት መስመር የሚሄድ ጥያቄ ካቀረበም፣ ሰሚው ግሱን እስኪያገኝ ድረስ አራቱን መስመር በአየር ላይ ተሸክሞ መቆየት አለበት።

«እኔ» ማን ነው?

አማርኛ የዓለም የቋንቋ ሊቃውንትን ያስደነቀ ጠባይ አለው። «ከድር በሬውን ወሰድኩ አለ» ስንል፣ ወሰድኩ የሚለው ከድርን ሊያመለክት ይችላል፤ ተናጋሪውን ራሱንም ሊያመለክት ይችላል። ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ፊሊፕ ሽሌንከር በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው ታዋቂ ጽሑፍ አማርኛን ዋና ማስረጃው ያደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። በቤት ጨዋታ ይህ አያስቸግርም። በችሎት ግን ምስክር ስለ ከድር ሲናገር፣ አስተርጓሚ ስለ ምስክሩ ሲናገር፣ ጸሐፊም ሲመዘግብ አንዱ «ወሰድኩ» ሦስት ባለቤት ሊኖረው ይችላል።

የአክብሮት ቃልም እንዲሁ ነው። የአፋን ኦሮሞው «አቲ» ወንድና ሴትን አይለይም፤ አማርኛ ግን «አንተ» ወይስ «አንቺ» ብሎ ያስመርጣል። በተቃራኒው የአማርኛው «እሳቸው» ሰውዬውን ይሁን ሴትዮዋን አይነግረንም። እያንዳንዱ ቋንቋ ሊሰውር የሚችለውና ግድ ሊናገረው የሚገባው ነገር አለው። የሚያስረዳ ሰው ሥራ ቋንቋው የሰወረውን አውጥቶ በግልጽ ማስቀመጥ ነው።

አማርኛ ለአማራውስ ይገባዋል?

ነገሩ የሁለት ቋንቋ ጉዳይ ብቻ ቢመስል እሳሳታለሁ ብዬ እፈራለሁ። የሕግ አማርኛችን ራሱ የትርጉም ልጅ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ አርቅቀውት ነው ወደ አማርኛ የተመለሰው። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን በፈረንሳይኛ አርቅቀውታል። «ክሱ በይርጋ ታግዷል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከሚሴ ላለ ገበሬ ተዉትና አዲስ አበባ ላለ መሐንዲስ ንገሩት። ይርጋ የሰው ስም ነው ብሎ ቢያስብ አይገርምም። «ክሱ ሕጉ ከፈቀደው ጊዜ በኋላ ስለቀረበ አይሰማም» ቢባል ግን አማርኛ የሚሰማ ሁሉ ይረዳዋል፤ አስተርጓሚውም ሳይቸገር ያሻግረዋል። ግልጽ ያልሆነ አማርኛ ወደ ግልጽ አፋን ኦሮሞ አይተረጎምም። አሜሪካኖች በ2010 እ.ኤ.አ. የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻቸው በቀላል ቋንቋ እንዲጽፉ የሚያዝ ሕግ ያወጡት ዜጎቻቸው እንግሊዝኛ ስለማይችሉ አልነበረም።

ምን ይደረግ?

በየካቲት 2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋን ኦሮሞን፣ ትግርኛን፣ ሶማልኛንና አፋርኛን ከአማርኛ ጎን የፌዴራል የሥራ ቋንቋ ለማድረግ ያለመ ነው። በጎ እርምጃ ነው። ነገር ግን የሥራ ቋንቋ መጨመር ብቻውን ሰው አያግባባም። በእኔ እምነት ዳኛም፣ ጠበቃም፣ ሐኪምም፣ የባንክ ሠራተኛም ከነገ ጀምሮ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው አምስት ነገሮች አሉ።

1. በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ነገር ብቻ መጠየቅ፤ ግሱ እስኪመጣ ሰሚውን አለማስጠበቅ።

2. የሙያ ቃል ግድ ከሆነ ቃሉን ከነፍቺው መናገር። «ብይን»፣ «ይርጋ»፣ «መቃወሚያ» ብሎ መተው ማስረዳት አይደለም።

3. «እኔ»፣ «እሱ»፣ «እሳቸው» በሚያምታታበት ቦታ ሁሉ ስም መጥራትና ስሙን መመዝገብ።

4. አስተርጓሚን የችሎት ባለሙያ ማድረግ። ሁለት ቋንቋ የሚናገር ተላላኪ ወይም መንገደኛ ሁሉ አስተርጓሚ አይሆንም። በፍትሐ ብሔርም ቢሆን ለሚቸገረው ወገን ወጪውን መንግሥት ሊችል ይገባል።

5. የመጀመሪያውን ቃል ከትርጉሙ ጋር በድምፅ ማስቀመጥ። ይግባኝ ሰሚው ሲጠራጠር የሚመለስበት ምንጭ ይኖረዋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ በአንድ ቅጂ ብቻ የቀረ ትርጉም ግን ሥር የለውም።

ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በአጣዬና በከሚሴ አካባቢ በደረሰው ግጭት ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል፣ ሕዝብ ተፈናቅሏል። እንዲህ ካለው ጊዜ በኋላ ማን ምን አደረገ የሚለው የሚታወቀው በምስክር ቃል ነው፤ ምስክሮቹም በሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ጎረቤታሞች ናቸው። በትርጉም መካከል የጠፋች አንዲት አሉታ አንዱን ንጹሕ ወህኒ ልታወርደው፣ ሌላውን በዳይ ነጻ ልትለቀው ትችላለች። ፍርዱ ያልገባው ሰው ደግሞ ትክክለኛ ፍርድ ቢሰጠው እንኳ እንደ ተበደለ ሆኖ ወደ መንደሩ ይመለሳል።

ሁለቱ ቋንቋዎች በዚህ ጉዳይ አንድ የሚያስተምሩን ነገር አለ። አማርኛ መረዳትን «ገባኝ» ይላል፤ አፋን ኦሮሞ «ናፍ ገሌ» ይላል። ሁለቱም ሐሳብን ደጃፍ አልፎ ቤት እንደሚገባ እንግዳ ነው የሚያዩት። «ይግባኝ» የሚለው ቃላችንም የዚሁ የ«ገባ» ዘር ነው። እንግዳው መግባቱን የሚያውቀው ግን ባለቤቱ እንጂ በር ላይ ያደረሰው ሰው አይደለም። ስለዚህ «ገባህ?»፣ «ሲፍ ገሌ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። በዳኛ ፊት የቆመ ድሃ መልሱ «አዎን ጌታዬ» ነው፤ ሌላ መልስ ይፈራል። በሕክምናው ዓለም ታካሚው የታዘዘለትን በራሱ አባባል መልሶ እንዲናገር ይደረጋል። ዳኞቻችንም «ገባህ?» ማለቱን ትተው «የተባልከውን በራስህ ቃል ንገረኝ» ቢሉ፣ ሕገ መንግሥቱ «በሚገባቸው ቋንቋ» ሲል ያሰበውን ያን ጊዜ መፈጸም ይጀምራሉ።