የ13 ዓመት ወሰን ከየት መጣ?

ልጅ በስልክ ወይም በኮምፒዩተር ከማኅበራዊ መገናኛዎች በአንዱ ሊመዘገብ ሲል አስቀድሞ የሚጠየቀው የልደቱን ቀን ነው። ብዙውን ጊዜም 13 ዓመት ከሞላው በሩ ይከፈትለታል፤ ካልሞላው ይዘጋበታል። ስለዚህ ወላጅ ይህን ቍጥር ሐኪሞችና የትምህርት ሊቃውንት መርምረው ያቆሙት የደኅንነት ድንበር አድርጎ ቢቈጥረው አያስደንቅም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ታሪኩን ማወቅ ልጅ ለሚያሳድግ ሁሉ የሚጠቅም ስለ ሆነ፤ ዛሬ ባጭሩ እንመለከተዋለን። ከአገራችን ዐዋጆች በቀር ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ዓለም አቀፉ ድር የታሰበው በ1989 በጄኔቫ አጠገብ ባለው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ሲሆን፤ አሳቢውም ቲም በርነርስ ሊ የተባሉት እንግሊዛዊ ናቸው። ተቋሙ በ1993 ማንኛውም ሰው ያለ ክፍያ እንዲሠራበት ፈቀደ። መጀመሪያ የተዘጋጀው ሊቃውንት ጽሑፋቸውን እንዲለዋወጡበት ስለ ነበረ፤ ሕፃን በዚህ በር ይገባል ብሎ የተጠነቀቀ አልነበረም። ይሁን እንጂ ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ድሩ ከምርምር ቤት ወጥቶ በየሰው ሳሎን ገባ።

በአሜሪካ መጀመሪያ የተፈራው ነውረኛ ሥዕልና ጽሑፍ ነበር። በ1996 ይህን የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ ነገር ግን ሕፃናትን ለመጠበቅ ሲባል የዐዋቂዎችን የመናገር ነጻነት ከሚገባው በላይ ያጠባል በማለት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1997 ዋናውን ክፍል ሻረው።

በዚያው ዘመን ለዐይን የማይታይ ሁለተኛ አደጋ ተገለጠ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ለሕፃናት የተዘጋጁ 212 የድር ገጾችን መርምሮ በ1998 ባወጣው መግለጫ፤ ከመቶው 89ኙ ከልጆቹ ከራሳቸው ስምና አድራሻን የመሰለ የግል ነገር እንደሚሰበስቡ፤ ወላጅ የሚቈጣጠርበትን መንገድ ያዘጋጁት ግን ከመቶ ዐሥር እንኳ እንደማይሞሉ አስታወቀ። እንግዲህ ነጋዴው በጨዋታና በሽልማት እያባበለ፤ አባትና እናት ሳያውቁ የሕፃኑን መዝገብ ይከፍት ነበር ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት በ1998 ሌላ ሕግ ወጥቶ ከአፕሪል 21 ቀን 2000 ጀምሮ ጸና። ሕጉ ዕድሜው ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ልጅ ያለ ወላጁ ፈቃድ የግል መረጃ መሰብሰብን ከለከለ። ብዙ ኩባንያዎችም ከየወላጁ ፈቃድ ከመለመን ይልቅ «ከ13 ዓመት በታች አንመዘግብም» ማለት ቀለላቸው። ያ ወሰን የተወለደው በዚህ ዐይነት ነው። ሕጉን ካረቀቁት አንዱ ኤድዋርድ ማርኪም ወሰኑ 16 ዓመት እንዲሆን ፈልገው እንደ ነበረ በኋላ ተናግረዋል። እንግዲህ ቍጥሩ ስለ መረጃ ንግድ የተደረገ ስምምነት ነው እንጂ፤ «የ13 ዓመት ልጅ ከአደጋ ተጠብቋል» የሚል ምስክር ወረቀት አይደለም።

ከዚህም የከፋው፤ ልጁ የልደት ዓመቱን ለውጦ መግባት መቻሉ ነው። እንዲህ ሲሆን ከመሣሪያው የሚማረው የመጀመሪያ ትምህርት ሐሰት ይሆናል። ኩባንያዎቹም ቢሆኑ ንጹሓን አልነበሩም፤ ዩቱብ ከሕፃናት ያለ ወላጅ ፈቃድ መረጃ ሰብስቧል ተብሎ ስለ ተከሰሰ፤ ባለቤቱ ጉግል በ2019 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች መንግሥታት ቍጥሩን እንደገና መርምረውታል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ ወሰኑን 16 አድርጎ፤ አባል አገሮች እስከ 13 ዝቅ እንዲያደርጉት ፈቀደ። አውስትራልያ ደግሞ በ2024 ባወጣችው ሕግ፤ ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በታወቁት ማኅበራዊ መገናኛዎች እንዳይመዘገቡ አደረገች። በዚህ ሕግ የሚቀጣው ልጁ ወይም ወላጁ ሳይሆን ኩባንያው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፤ የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ የተከፈተው በ1997 ነው። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቍጥር 958 በሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን የነውር ሥራ ይቀጣል፤ የ2016ቱ ዐዋጅ ቍጥር 1321 ደግሞ የግል መረጃን ይጠብቃል። ነገር ግን የወንጀል ቅጣት የሚመጣው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው፤ አባቶቻችን ደግሞ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል።

እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ የመዝገብን ክብር የምታውቁ፤ ፋይል ያለ ትእዛዝ ለማያውቁት ሰው አሳልፋችሁ አትሰጡም። የልጃችሁ ስም፤ ፎቶግራፍ፤ የሚማርበት ቤትና የሚመላለስበት መንገድም ከዚያ የከበረ ፋይል ነው። ስለዚህ ልጁ 13 ዓመት ሞላው ብላችሁ አትተዉት፤ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ማን ምን እንደሚጠይቀው አብራችሁ ተመልከቱ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፤ አንድ ክፉ ሰው በፎቶግራፍ ቢያስፈራራው ቍጣችሁን ፈርቶ እንዳይደብቃችሁ አስቀድማችሁ አረጋግጡለት። የተላከውን መልእክት ሳታጠፉ፤ ገንዘብም ሳትከፍሉ፤ ለፖሊስ አመልክቱ። አስፈራሪው የሚበረታው ልጁ ብቻውን ሲሆን ነውና፤ ሮጦ የሚመጣበት ቤት እንዳለው ልጁ ይወቅ።