ሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም፤ የኢትዮጵያ ብርና የአሜሪካ ዶላር ምንዛሪ ከ1937 እስከ 1985 ዓ.ም.

በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፥ ከ57 ብር ጥቂት በልጦ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በዚያው ዕለት ወደ 74 ብር ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁሉ ከሰው አፍ የማይጠፋው ቁጥር 2.07 ነው። «ዶላር በሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም በነበረበት ዘመን» ሲባል፥ ብር ብርቱ፥ ገንዘቡን የሚያስተዳድረውም ብልህ የነበረበት ዘመን ማለት ይመስላል። ስለዚህ ይህ ቁጥር ከወዴት እንደ መጣና ዋጋውን ማን እንደ ከፈለ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር አስበናል።

ጣሊያን ከተባረረ በኋላ በአገራችን ገበያ ማርትሬዛው፥ ሊሬውና የእንግሊዝ ጦር ይዞት የመጣው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ጎን ለጎን ይዞሩ ነበር። የእንግሊዝ ግምጃ ቤት አዲስ የሚወጣው የኢትዮጵያ ገንዘብ ከስተርሊንግ ጋር ታስሮ፥ ለንደን በሚቀመጥ ቦርድ እንዲተዳደር ይወድ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት ግን ይህን አልተቀበለም። በሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፥ በንጉሠ ነገሥቱ የልደት በዓል ዕለት፥ ገንዘቡ በመንግሥት ባንክ በኩል ወጣ። ወረቀት ለማያምነው ባላገር የተሠራው የ50 ሳንቲም ብር እንኳ ማዕድኑ ከአሜሪካ በብድር የተገኘ፥ የተቀረጸውም በፊላደልፊያ ነበር።

አዋጁ አንድን ብር 5.52 ግሬን ጥሩ ወርቅ አደረገው። አንድ ወቄት ወርቅ 480 ግሬን፥ ዋጋውም 35 የአሜሪካ ዶላር ስለ ነበረ፥ አንድ ብር 40 ከሩብ የአሜሪካ ሳንቲም፥ አንድ ዶላርም 2.48 ብር ያህል ይሆናል። ይህ እንግዳ ቁጥር ከምን ተገኘ? መልሱን የምናገኘው ከሽልንጉ ነው። ያን ጊዜ ፓውንድ 4.03 ዶላር ነበረ፤ ሁለት ሽልንግ የፓውንድ ዐሥረኛ እጅ ነውና 40.3 ሳንቲም ይመጣል። ሽልንጉም ከሕዝቡ የተሰበሰበው ሁለቱ በአንድ ብር እየተለወጠ ነበር። እንግዲህ ከስተርሊንግ የወጣው ገንዘብ የመጀመሪያ ልኩን ከስተርሊንግ ወሰደ ማለት ነው፤ ለገበያተኛውም ሂሳቡ እንዳይናጋበት መልካም ዘዴ ነበር።

የመለያየቱ ፍሬ የታየው በመስከረም 1942 ዓ.ም. ነው። እንግሊዝ ፓውንዷን ከ4.03 ወደ 2.80 ዶላር ስታወርድ ኢትዮጵያ አልተከተለችም። 50 ሳንቲም ያወጣ የነበረው ሽልንግ ወደ 35 ሳንቲም ወረደ፤ ፓውንዱም ከ10 ብር ወደ 7 ብር ገደማ። ከኤደን በስተርሊንግ ዕቃ ለሚያስመጣ ነጋዴ ይህ ትልቅ ቅናሽ ነበር። በለንደን ቦርድ ሥር ሆነን ቢሆን ግን ብርም ሳይጠየቅ አብሮ በወረደ ነበር። የቡናችን ዋና ገዢ አሜሪካ እየሆነች በሄደችበት ዘመን ከዶላሩ ጋር መቆየት፥ በእኛ አስተያየት፥ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር።

በታኅሣሥ 1956 ዓ.ም. መጨረሻ፥ የመንግሥት ባንክ ለብሔራዊና ለንግድ ባንክ ሲከፈል፥ ልኩ 2.50 ሆነ፤ ለውጡ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም።

ወደ 2.07 የደረስነው በራሳችን አዋጅ አይደለም። በታኅሣሥ 1964 ዓ.ም. አሜሪካ ዶላሯን ከወርቅ አንጻር ስታወርድ ኢትዮጵያ የ1956ቱን የወርቅ ልክ እንደ ያዘች ቀረች፤ ዶላሩ 2.30 ብር ሆነ። በየካቲት 1965 ዓ.ም. ዶላሩ እንደገና ከመቶ ዐሥር ሲወርድ ከ2.30 ላይ 23 ሳንቲም ተቀነሰና 2.07 መጣ። የሚመሰገነው ቁጥር እንግዲህ የዋሽንግተን ችግር የወለደው ነው፤ ደርግም ያገኘው ተዘጋጅቶ ነው። በጥቅምት 1969 ዓ.ም. የገንዘቡ የእንግሊዝኛ ስም «ዶላር» መባሉ ቀርቶ «ብር» ሲሆን (በአማርኛ እንደ ሆነ ከመጀመሪያውም ብር ነበር) ስሙ ተለወጠ እንጂ ልኩ አልተነካም።

ከዚያ ወዲያ ነዳጅ ተወደደ፥ ጦርነትና ድርቅ መጡ፥ የአገር ውስጥ ዋጋ ናረ፤ 2.07 ግን 19 ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላለም። በዘመኑ መጨረሻ ዶላር በድብቅ ገበያ ከሕጋዊው ከሁለት እጥፍ በላይ ይሸጥ ነበር። ይህን ልዩነት ማን ከፈለ ቢባል፥ በመጀመሪያ ቡና አምራቹ ነው። የእርሱ ቡና በውጭ አገር ያመጣው እያንዳንዱ ዶላር ወደ ብር የሚገባው በ2.07 ነበርና። ከዚያውም ላይ ቀረጡና የመንግሥቱ የቡና ድርጅት ወጪ ይነሣል። ቡናው በኮንትሮባንድ ድንበር መሻገሩ ሊያስደንቀን አይገባም።

በአንጻሩ በ2.07 ዶላር የተፈቀደለት አስመጪ ዕቃውን በ2.07 ሂሳብ አልሸጠም። በመስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. ዶላር በአንድ ጊዜ 5 ብር ሲሆን፥ የብዙ ዕቃ ዋጋ እንደ ተፈራው ያልዘለለው ስለዚህ ነው። ሱቁ አስቀድሞ በድብቁ ምንዛሪ ይሸጥ ነበርና፤ እስከዚያ ድረስ በሁለቱ ልክ መካከል ያለውን ትርፍ የያዘው ፈቃዱን በእጁ ያገባ ሰው ነበር።