ካርቦን ሽያጭ ምንድን ነው? የሁምቦን ደን እንይ

ዛፍ ሳይቆረጥ ይሸጣል እንዴ? አዎ፣ ወላይታ ሁምቦ ላይ ተሸጧል!

ዛፍ ሲያድግ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ በግንዱና በሥሩ ያከማቻል። ይህ በቶን ተለክቶ ለገዢ ሲሸጥ ካርቦን ሽያጭ እንለዋለን።

ሁምቦ ላይ ለማገዶና ለከሰል ሲጨፈጨፍ የተራቆተ 2,728 ሄክታር መሬት ከመጥረቢያና ከከብት ተጠበቀ። አብዛኛው ደን በችግኝ አልመጣም፤ ገበሬዎቹ ከድሮ ጉቶዎች ያቆጠቆጠውን እየመለመሉ ነው ያሳደጉት። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2009 በተመድ የካርቦን ገበያ ሥርዓት ተመዘገበ። በ30 ዓመት 880,000 ቶን ይከማቻል ተብሎ ሲገመት፣ የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ 165,000ውን ለመግዛት ተዋዋለ። ሻጮቹ የገበሬዎቹ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የካርቦን ብር የሚመጣው ዛፉ ለዓመታት ከቆመ ነው፤ ማገዶ ግን ለዛሬ ራት ያስፈልጋል። መብራት ወይም ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ያላገኘን ቤተሰብ «አትቁረጥ» ማለት ብቻውን አያዋጣም። ደንና ታዳሽ ኃይል አንድ ላይ ይታሰቡ የምንለውም ለዚህ ነው።