የዲኤክስ7 ገጽ እና ከውጭ የመጣው መቆጣጠሪያ

ያማሃ ዲኤክስ7 ሲንተሳይዘር፣ ጃፓን፣ እ.ኤ.አ. 1983
ዬሊንግሃውስ ዲኤክስ ፕሮግራመር፣ ጀርመን፣ 1980ዎቹ

ቀደምት ሲንተሳይዘሮች አብዛኛውን ጊዜ ለእያንዳንዱ የድምፅ ባሕርይ የየራሱ ማዞሪያ ነበራቸው። ዲኤክስ7 እነዚህን አስወግዶ በጠፍጣፋ መጫኛዎች፣ በአንድ ተንሸራታች ማስተካከያና ሁለት መስመር ብቻ በሚያሳይ ስክሪን ተካቸው።

ጆን ቻውኒንግ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባገኘው የኤፍኤም (የሞገድ ድግግሞሽን የመለዋወጥ) ስልት የሚሠራው ይህ መሣሪያ፣ ድምፅን የሚያመነጨው ኦፕሬተር የሚባሉ ስድስት የድምፅ አመንጪ ክፍሎችን በ32 ዓይነት አቀማመጥ እያገናኘ ነው። አንድ ድምፅ ከ140 በላይ ቅንብሮች አሉት፤ ስክሪኑ ግን በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ያሳያል። በዚህ የተነሣ ብዙ ተጫዋቾች የፋብሪካውን ድምፆች ሳይነኩ ይጠቀሙ ነበር።

በኋላ የመጡት እንደ ግሬይ ማተር ኢ! ያሉ ማሻሻያ ቦርዶች የድምፅ ማከማቻውን አስፍተው አዳዲስ ተግባራት ጨመሩ። የፊት ገጹ ስላልተለወጠ ግን ሸክሙ በነባሮቹ መጫኛዎች ላይ ተደራረበ።

የጀርመኑ ዬሊንግሃውስ ሣጥን ግን መፍትሔውን ከመሣሪያው ውጭ ፈለገ። የየኦፕሬተሩን ማዞሪያዎች ለየብቻ ሰብስቦ በግልጽ ዘረጋቸው። አንዱ ሲዞር ለውጡ የሙዚቃ መሣሪያዎችን በሚያገናኘው የሚዲ ገመድ ወደ ዲኤክስ7 ይተላለፋል፤ ተጫዋቹም የድምፁን አወቃቀር በአንድ እይታ እያየ ያስተካክላል።